ክኒኑ አምደወርቅ ካልደረሰ አልተገኘም

«ለደሃና ሰው ስለ ሕዋስ ውስጥ ሥራ ማውራት ቅንጦት ነው» አሉኝ አንድ የተማሩ ሰው። «መጀመሪያ ውሃ፣ መጀመሪያ መንገድ፣ መጀመሪያ እህል። ሞለኪዩሉን ላላቸው ተውላቸው።» እኒህ ሰው ልበ ቀና እንደሆኑ አውቃለሁ። የተናገሩት ግን ሰው የሚገድል ነገር ነው፤ በዝምታ አላልፈውም። ሕዋስ ያረጀና የተበላሸ ፕሮቲኑን የሚያስወግድበትን ሥርዓት ይዞ በሽታን ማከም፣ ዛሬ ዓለም ከያዛቸው የሕክምና ሥራዎች ሁሉ ለዋግ ኽምራው የደሃና ወረዳ ልጅ እጅግ የቀረበው ነው። ከወረዳው ከተማ ከአምደወርቅ ተነሥቶ ሁመራና መተማ ሰሊጥ ሊያጭድ የሚወርደውን ወጣት የሚጨርሰውን በሽታ በክኒን ለማዳን እየተሞከረ ያለው መድኃኒት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሙከራውም ባሕር ማዶ ብቻ አልቀረም፤ እዚሁ አገራችን፣ ጎንደር ገብቷል።

የማወራው ስለ ካላዛር ነው።

ከትንኝ የምታንስ፣ ስትመጣ ድምፅ የማታሰማ የአሸዋ ዝንብ ሌሊት ስትነክስ ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ የሚባለውን ጥገኛ ተውሳክ ታስገባለች። ተውሳኩ ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኔ ውስጥ ይራባል። ሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት ይመጣል። ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ አብጦ ሆድ ይነፋል፣ ደም ያንሳል፣ ነስር ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ካልታከመ ከመቶ ታማሚ ከ95 በላይ ይሞታል። ከወባ የሚለየው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ዕድል ቀንቶት በራሱ የሚድን ታማሚ ከሞላ ጎደል የለም።

ዝንቧ የሁመራን፣ የመተማንና የአብደራፊን ዋልካ መሬት ትወዳለች። መሬቱ በበጋ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ውስጥ ትውልና ሲመሽ ትወጣለች። በዚያው ሰዓት የቀን ሠራተኛው የዕለት ሥራውን ጨርሶ ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር፣ ያለ አጎበር ይተኛል። ከዋግ፣ ከላስታ፣ ከጋይንት፣ ከበለሳ የወረደ ነው። መሬቱ ጠብቦት፣ ዝናቡ ከድቶት፣ የማዳበሪያ ዕዳ አንቆት የወረደ ነው። ደጋ ስለተወለደ ገላው ይህን ተውሳክ አያውቀውም። ተነክሰው ሳይታመሙ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ በሽታው የሚበረታው ረሃብ ባደከመው ሰው ላይ ነው። እንግዲህ «መጀመሪያ እህል» ለሚሉኝ መልሴ ከዚህ ይጀምራል። ረሃቡና ተውሳኩ አንድ ገላ ላይ ተባብረው የሚሠሩ ናቸውና፣ አንዱን አስቀድሜ ሌላውን ላቆይ ማለት የሚቻለው ገላው የሌላ ሰው ሲሆን ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የበሽታው የጊዜ አቆጣጠር ነው። ከንክሻው እስከ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ሠራተኛው ሰሊጡን አጭዶ፣ አራግፎ፣ ደመወዙን ተቀብሎ በጤናው አገሩ ይገባል። የሚወድቀው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ባለ እርሻው የታመመ ሠራተኛ አላየም። ሰሊጡን የገዛው ነጋዴ አላየም። ወደ ውጭ የላከው ድርጅትም አላየም። ኩንታሉ ወደብ ደርሶ ዶላር ሆኗል፤ ትኩሳቱ ደሃና ላይ ቀርቷል። ይህን ግንኙነት የሚያይ ዓይን በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ የለም። ሰሊጥ ከአገራችን ዋና ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ነው ሲባል በኩራት እንሰማለን። የሰሊጡን የሕክምና ወጪ የሚከፍሉት ግን በአንድ በሬ የሚያርሱ እናቶችና አባቶች ናቸው።

የአክስቴ ልጅ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ከመተማ ሲመለስ ለእናቱ ነጠላ፣ ለራሱ ጫማ ገዝቶ ደስ ብሎት ነበር የገባው። ትኩሳቱ የያዘው ኋላ ነው። የወሰዱት የጤና ተቋም፣ ስሙን አላነሣም፣ ወባ ነው ብሎ ክኒን ሰጠው። ተመለሰ። እንደገና ወባ ነው ተባለ። ቀጥሎ ታይፎይድ ነው ተባለ። ሆዱ እየተነፋ ሲሄድ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ምክር አበዛ፤ ጠበል ከረሙ። አክስቴ በሬዋን ሸጠች። በመጨረሻ ሌላ ቦታ አንዲት ነርስ ሆዱን በእጇ ዳሰሰችና ጣፊያው እምብርቱ ድረስ መውረዱን አገኘች። «መተማ ሄደህ ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀችው። ያን ሁሉ ጊዜ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ይህ ነበር። ከጣቱ በተወሰደ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ታወቀ። ታከመ፣ ዳነ። በሬው ግን አልተመለሰም። በሬ የሌለው ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት የት እንደሚሄድ ደሃና ውስጥ ሕፃን ልጅ ይነግራችኋል። መተማ ነው።

ሕክምናውንም ልንገራችሁ፤ ዳነ ሲባል በቀላሉ የዳነ እንዳይመስላችሁ። መደበኛው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች ናቸው። በየቀኑ ሁለት መርፌ፣ ለ17 ቀን ይወጋል። ሥጋ ያለቀበት ሰው መቀመጫው ላይ፣ አጥንት ላይ እየተወጋ ማለት ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት አንቲሞኒ ከሚባል ማዕድን የሚሠራ ነው። ሕንዳዊው ሐኪም ኡፔንድራናት ብራህማቻሪ በ1920ዎቹ ካልካታ ውስጥ ካላዛርን ማከም ከጀመረበት መድኃኒት ወገን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የልብን ምት ያዛባል፣ ቆሽትን ይጎዳል፣ አንዳንዱን ታማሚ ራሱ መድኃኒቱ ይገድላል። ከዚህ በፊት ሕክምናው 30 ቀን ነበር። ወደ 17 ያወረዱት በ2003 ካርቱም ላይ ተሰባስበው የምሥራቅ አፍሪካ የሌሽማኒያ የምርምር ጥምረትን የመሠረቱ የእኛው አካባቢ ባለሙያዎች ናቸው፤ ከመሪዎቹ አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉ ነበሩ። 13 ቀን መርፌ ከሰው ገላ ላይ ማንሣት ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ አንድ ሳምንት ብቻ ይወጋ።

አሁን ወደ ሕዋሱ እንግባ። ቅንጦት ነው ወደተባለው።

እያንዳንዱ ሕዋስ ፕሮቲን ሲሠራ ይኖራል። የተጣመመውን፣ ያረጀውን፣ ሥራውን የጨረሰውን ካላስወገደ ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ መጥፋት ያለበት ፕሮቲን ላይ ዩቢኪቲን የምትባል፣ ከ76 አሚኖ አሲዶች የተሠራች ትንሽ ፕሮቲን እንደ ምልክት ትለጠፍበታለች። ምልክቱ ያለበት ፕሮቲን ፕሮቲያሶም ወደሚባለው በርሜል መሰል አካል ይገባል። ፕሮቲያሶም የሕዋሱ ወፍጮ ነው፤ የገባውን ይፈጫል፣ የተፈጨው ለአዲስ ፕሮቲን መሥሪያ ይመለሳል። ይህን ምልክት የማድረግ ሥርዓት ያገኙት የሃይፋዎቹ አቭራም ሄርሽኮና አሮን ቼካኖቨር ከአሜሪካዊው ኧርዊን ሮዝ ጋር ሆነው ነው። ዋናው ሥራቸው የተሠራው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙበት።

ከዚያ በፊት ግን መድኃኒቱ ደርሶ ነበር። ወፍጮው ቢቆም ሕዋሱ በራሱ ግርድ ይታፈናል ብለው ያሰቡ ሰዎች ቦርቴዞሚብ የሚባል መድኃኒት ሠሩ። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2003 መልቲፕል ማይሎማ ለሚባለው የመቅኔ ካንሰር አጸደቀው። የማይሎማ ሕዋስ ፕሮቲን በብዛት የሚያመርት ስለሆነ ወፍጮው ሲቆምበት ቶሎ ይሞታል። ድንቅ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ዕድሜ ቀጥሎበታል፤ አንድም ቃል አልነቅፈውም።

ነገር ግን እነዚህን ዓመታት አንድ ላይ አስቀምጡልኝ። በ2003 ፕሮቲያሶምን የሚያስቆም መድኃኒት ለሀብታሙ ዓለም ገበያ ላይ ዋለ። በ2004 ስቶክሆልም ላይ ኖቤሉ ተሰጠ። በእነዚያው ዓመታት ደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከም ውስጥ ሰው በማይታወቅ ትኩሳት ያልቅ ነበር። የጤና ባለሙያው መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎት ወባ ሲያክም ከረመ። ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው በ2005 ነው። አካባቢው ካላዛርን የማያውቅ ደጋ ነበር፤ በሽታው ከቆላ እርሻ በተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይገባ እንዳልቀረ ጥናቶች ይናገራሉ። በዚያ ወረርሽኝ ከ2000 በላይ ሰው ታከመ፤ ከመታወቁ በፊት የተቀበረውን የቆጠረው የለም። የሰው ልጅ የሕዋስን ወፍጮ ማቆም በቻለበት ዘመን ሊቦ ከምከም የሚወጋው የብራህማቻሪ ዘመን አንቲሞኒ ነበር። ይህን ያመጣው የእውቀት እጥረት አይደለም፤ የሊቦ ከምከም ገበሬ መግዛት አይችልም ተብሎ ከሒሳቡ መውጣቱ ነው።

ተውሳኩም ሕዋስ ነው። እሱም ፕሮቲያሶም አለው፣ ያለ እሱ አይኖርም። ችግሩ የሰውም ፕሮቲያሶም ተመሳሳይ መሆኑ ነበር፤ የተውሳኩን ስታቆም የታማሚውንም ታቆማለህ። የተውሳኩን ብቻ ለይቶ የሚያስቆም ነገር ማግኘት ነበር ፈተናው። ካሊፎርኒያ የሚገኘው የኖቫርቲስ የምርምር ተቋም ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ውሁዶችን ፈትሾ፣ የተሻለውን እያሻሻለ፣ በ2016 ኔቸር መጽሔት ላይ ውጤቱን አወጣ። ውሁዱ የተውሳኩን ፕሮቲያሶም ይይዛል፤ የሰውን አይነካም። በተውሳኩ ፕሮቲያሶም ላይ ባለች፣ ከእኛው በምትለይ አንዲት ኪስ ውስጥ ነው የሚገባው። በአይጥ ላይ ሲሞከር ለካላዛር ብቻ ሳይሆን ለእንቅልፍ በሽታና ለደቡብ አሜሪካው የቻጋስ በሽታ ተውሳኮችም ሠራ። የስኮትላንዱ ዳንዲ ዩኒቨርሲቲና ጂኤስኬም በሌላ ውሁድ እዚያችው ቦታ ላይ ደርሰው በ2019 አሳተሙ። ሁለት ቡድን በየራሱ መንገድ ሄዶ አንድ ዒላማ ላይ ሲገናኝ ዒላማው እውነተኛ መሆኑን እናምናለን።

የኖቫርቲሱ ውሁድ ተሻሽሎ ኤልኤክስኢ408 የሚል መለያ ይዟል። የሚዋጥ ነው። ዲኤንዲአይ የሚባለው፣ በ2003 ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከሌሎች ጋር ሆኖ ለተዘነጉ በሽታዎች መድኃኒት ለማውጣት ያቋቋመው ድርጅት ከኖቫርቲስ ጋር ሆኖ በታማሚዎች ላይ እየሞከረው ነው። ሕንድ ውስጥ ተጀመረ፤ ቀጥሎ ኢትዮጵያ ገባ።

ስለ ጎንደሮቹ ሐኪሞች አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ ነውር ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለው የሌሽማኒያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል በጦርነትም፣ መንገድ ሲዘጋም ታማሚ ሲቀበል የኖረ ነው። ካላዛር ከኤችአይቪ ጋር ለያዘው ታማሚ አምቢሶምና ሚልቴፎሲን የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች አንድ ላይ ቢሰጡ እንደሚሻል ያሳየው ጥናት የተሠራው ጎንደርና አብደራፊ ላይ ነው፤ ዶ/ር ኤርሚያስ ዲሮና ባልደረቦቻቸው በ2019 አሳተሙት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መመሪያውን ሲለውጥ ከተመረኮዘባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። እነዚህ ሰዎች ቅንጦት ላይ አልነበሩም። በአልጋው ላይ የተኛውም የቀን ሠራተኛ ጨለማ ክፍል ውስጥ የተጣለ ሰው አይደለም፤ ለዓለም ሕክምና እውቀት ገላውን ያበደረ ሰው ነው።

ያበደረ ነው ያልኩት አስቤበት ነው። ብድር ይመለሳል።

እዚህ ላይ ነው ቁጣዬ። የሄልሲንኪ መግለጫ የሚባለው የዓለም ሐኪሞች የምርምር ሥነ ምግባር ሰነድ፣ ሙከራው ካለቀ በኋላ የጠቀማቸው ሕክምና አሁንም ለሚያስፈልጋቸው ተሳታፊዎች እንዲቀርብ አስቀድሞ እንዲታሰብ ይጠይቃል። መልካም ነው። ተሳታፊው ግን በሁለተኛ ምዕራፍ ሙከራ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ሰው ነው። ከአንድ አምባ አብሮት የወረደው ወንድሙስ? በሚቀጥለው ዓመት የሚወርደው የጎረቤቱ ልጅስ? መድኃኒት ሲጸድቅ በራሱ እግር አምደወርቅ አይደርስም። እንዳይደርስ የሚያደርገው ነገር ብዙ ነው፤ ማስረጃውም ከካላዛር ውጭ፣ አዲስ አበባ መሐል አለልን።

የሥጋ ደዌ ታማሚ ሕክምና ጀምሮ ሳለ ወይም ጨርሶ ሪአክሽን የሚባል ከባድ ሕመም የሚነሣበት ጊዜ አለ። ኢኤንኤል የሚባለው ዓይነት መላ ገላን በሚያቃጥል እባጭና ትኩሳት ይመታል፣ ነርቭን ይጎዳል፣ ለዓመታት ይመላለሳል። ለዚህ የሚሠራ መድኃኒት ከተገኘ ቆይቷል። ኢየሩሳሌም ውስጥ ያዕቆብ ሼስኪን የሚባል ሐኪም ታሊዶማይድ በፍጥነት እንደሚያስታግሰው አይቶ በ1965 አሳተመ። ታሊዶማይድ እርጉዞች ወስደውት እጅና እግር የጎደላቸው ብዙ ሺህ ሕፃናት የተወለዱበት ያው መድኃኒት ነው። በ1998 የአሜሪካው ባለሥልጣን ለሥጋ ደዌ ሪአክሽን ሲያጸድቀው እንዴት እንደሚሠራ ገና በውል አልታወቀም ነበር። በ2010 የጃፓኖቹ ታኩሚ ኢቶና ሂሮሺ ሃንዳ ሴሬብሎን ከሚባል ፕሮቲን ጋር እንደሚጣበቅ አገኙ። ሴሬብሎን ያንኑ የመጥፊያ ምልክት ከሚለጥፉት ፕሮቲኖች አንዱ አካል ነው። ታሊዶማይድ ሴሬብሎንን አሳስቶ መጥፋት በማይገባቸው ፕሮቲኖች ላይ ምልክት ያስለጥፋል። ጥቅሙም ጥፋቱም የሚመነጨው ከዚሁ የሕዋስ ሥርዓት ነው።

እኛ ጋ ምን ሆነ? በ1965 የተመሠረተው አለርት፣ ዘነበወርቅ፣ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ የነበረ ተቋም ነው። እዚያ ሳባ ላምበርትና ባልደረቦቿ የሠሩት ሙከራ በ2016 ሲታተም ታሊዶማይድ ኢትዮጵያ ውስጥ አይገኝም ነበር። ለታማሚው የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ነበር፤ ወራት፣ ከዚያም ዓመታት። በ2014 ከዚያው ሆስፒታል የወጣ ጥናት ኢኤንኤል ያለባቸው ከሌላው ዓይነት ሪአክሽን ይልቅ በብዛት እንደሚሞቱ አሳየ፤ ለረጅም ጊዜ የሚወሰደው ስቴሮይድም ከጠረጠራቸው ምክንያቶች ዋናው ነበር። ታሊዶማይድ አደገኛ እንደሆነ አውቃለሁ። ብራዚል ለሥጋ ደዌ ታማሚዎቿ በመንግሥት ቁጥጥር ስትሰጥ ኖራለች፤ ቁጥጥሩ በላላበት ቦታ ግን ሕፃናት ተጎድተውባታል። ይህን አልሸፍንም። ግን ልታረግዝ የማትችል ሴትና ጥንቃቄው የተነገረው ወንድ የሚወስዱትን መድኃኒት በጥብቅ ደንብ ማስገባት ከዓመታት ፕሬድኒሶሎን የከፋ ነው ብሎ የሚከራከረኝ ካለ በግልጽ ይምጣ። ከ50 ዓመት በላይ የታወቀ መድኃኒት ዘነበወርቅ ካልደረሰ፣ አዲሱ ክኒን ማንም ሳይገፋው አምደወርቅ ይደርሳል ብዬ እንዳምን ማንም አይጠይቀኝ።

«መድኃኒቱ ገና ሙከራ ላይ ነው፤ ምን አስቸኮለህ?» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ሙከራ ላይ ነው። ሊከሽፍ ይችላል። እኔም ሠርቷል አላልኩም። የምጮኸው አሁን የሆነበት ምክንያት የመደራደሪያው ጊዜ አሁን ስለሆነ ነው። መድኃኒቱ ከጸደቀ፣ ዋጋው ከተቆረጠ፣ ፋብሪካው ስንት እንደሚያመርት ከወሰነ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ልመና ነው። ዛሬ ግን ታማሚው የእኛ ነው፣ ሐኪሙ የእኛ ነው፣ ፈቃዱን የሰጠው መንግሥት የእኛ ነው። ዛሬ የሚጠየቅ ነገር ውል ነው።

ሌላም መልስ እሰማለሁ፤ «ሕንድ የምትጠቀምበትን እንጠቀም» የሚል። የሕንድ ጎረቤት ባንግላዴሽ በ2023 ካላዛርን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ያስወገደች የመጀመሪያዋ የዓለም አገር ተብላ ተመዝግባለች። ድሃ አገር ናት፣ አድርጋዋለች፤ ስለዚህ «አንችልም» የሚለው ቃል ከዚህ በኋላ አያዋጣም። ነገር ግን ሕንድንና ባንግላዴሽን የረዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠው አምቢሶም በምሥራቅ አፍሪካ ሲሞከር በቂ ሆኖ አልተገኘም። የእኛ ተውሳክና የእኛ ታማሚ ሌላ ሕክምና ይፈልጋሉ። አምቢሶም ራሱ እኛ ጋ የሚመጣው አምራቹ ጊሊያድ ከ2011 ስምምነት ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በሚሰጠው ልገሳ ነው። ለለጋሹ ምስጋና ይገባዋል። የአንድ ሕዝብ ሕይወት ግን በአንድ ኩባንያ የልገሳ ውል መታደስ ላይ ተንጠልጥሎ መኖር የለበትም። አሁን በዓለም ላይ የካላዛር ዋና ሸክም ያለው በእኛ ቀጣና ነው፤ ግማሽ የሚሆኑት ታማሚዎችም ልጆች ናቸው። የቀጣናው አገሮች በጥር 2023 ናይሮቢ ላይ ተገናኝተው በሽታውን ለማስወገድ ቃል ገብተዋል፣ ኢትዮጵያም አለችበት።

ቃል መግባትን እኛ እናውቃለን። በ2015 መንግሥት ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት መቀንጨር በ2030 እንዲያበቃ ያወጣው ዕቅድ የተጠራው በዞናችን ከተማ ስም ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። ስማችን የረሃብ ምሳሌ ሆኖ ሲነሣ ለኖርነው ትልቅ ነገር ነበር። የሕፃኑ መቀንጨርና የአባቱ ካላዛር የአንድ ቤት ታሪክ ነው። አባት ሲታመም በሬው ይሸጣል፣ በሬው ሲሸጥ ማሳው ጦሙን ያድራል፣ ማሳው ጦሙን ሲያድር ሕፃኑ ይቀነጭራል። በሰቆጣ ስም ቃል የገባ መንግሥት አንዱን ለይቶ መፈጸም አይችልም።

ስለዚህ በግልጽ እናገራለሁ። ጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከኖቫርቲስና ከዲኤንዲአይ ጋር፣ ሙከራው ሳያልቅ፣ መድኃኒቱ ከሠራ ኢትዮጵያ ውስጥ መቼ እንደሚመዘገብ፣ ለታማሚው በነጻ እንደሚሰጥና እስከ ጤና ጣቢያ እንዴት እንደሚወርድ የሚገልጽ ውል ይፈርሙ፤ ውሉንም ለሕዝብ ያውጡ። የሚዋጥ መድኃኒት ዋና ጥቅሙ ሆስፒታል ሳይተኙ መታከም ነውና ጎንደር ብቻ ከተቀመጠ ክኒን መሆኑ ምን ረባ? ይሁንና ክኒኑ ሱቅ ለሱቅ እንዲቸረቸር መፍቀድ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ከ2002 ጀምሮ ሕንድ ውስጥ የተሰጠው ሚልቴፎሲን ለብቻው ሲዋጥ ኖሮ ከአሥር ዓመት በኋላ በሽታው የሚያገረሽባቸው ሰዎች በዝተው ታይተዋል። አዲሱ መድኃኒት ሊቀናጀው ከሚችል ሌላ መድኃኒት ጋር ተሰናድቶ፣ በባለሙያ እጅ ነው መሰጠት ያለበት።

ከሁሉ በፊት ግን ምርመራው። ጣት ተወግቶ በደቂቃዎች የሚታወቀው የአርኬ39 ምርመራ ሠራተኛ በሚልከው ወረዳ ሁሉ መኖር አለበት። ደሃና፣ ጋዝጊብላ፣ ዝቋላ፣ አበርገሌ፣ ሳህላ። ሰው የሚወድቀው ሲመለስ ስለሆነ ምርመራው የሚያስፈልገው የሚመለስበት ቦታ ነው። በሰሜኑ ጦርነት የዋግ ኽምራ የጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ ተሰባብረው ቀርተዋል። መልሶ ግንባታው ሲሠራ ይህች ምርመራ ከአልጋና ከወንበር በፊት ትግባ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከትኩሳት ታማሚ ጋር ስትቀመጥ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ቆላ ወርደህ ነበር?» የሚል ይሁን፤ ይህ ጥያቄ በጀት አይጠይቅም። ትምህርቱና የሙከራ ፈቃድ ወረቀቱ ለኽምጣኛ ተናጋሪው በኽምጣኛ ይነበብለት። በማይገባው ቋንቋ የተነበበለት ሰው አልተስማማም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚሉ ደግሞ፣ ከሰሊጡ ይምጣ። ባለ እርሻው፣ ነጋዴውና ላኪው በሚነግዱት ኩንታል ላይ ለሠራተኛው አጎበር፣ ለምርመራና ለሕክምና ጉዞ የሚሆን መዋጮ በሕግ ይጣልባቸው። ሠራተኛው ሲቀጠር ስሙና ወረዳው ይመዝገብ፤ ወደ አገሩ ሲመለስ መዝገቡ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይድረስ፣ ለ6 ወርም ክትትል ይደረግለት። ትርፉን ለማስላት ኩንታል የሚቆጥር ሁሉ ሰውንም መቁጠር ይችላል። የንግዱ ባለቤቶች ይህ ይከብደናል የሚሉ ከሆነ ደሃና መጥተው፣ በተሸጠው በሬ ባለቤት ፊት ቆመው ይናገሩት።

ጥያቄዬን ለጤና ሚኒስቴር፣ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮና ለሰሊጥ ላኪዎች ነው ያቀረብኩት። የሚመጣው አጨዳ ሳይጀመር፣ የመጀመሪያው የዋግ ልጅ ጓዙን ሳይሸክም መልሱን በጽሑፍ እንፈልጋለን። በአማርኛም በኽምጣኛም።